18 ኪሎ ሳጥን፣ ያልነበረው 24 ቁጥር መፍቻ፦ የአንድ ሞተረኛ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ወጣ ብለው በጭቃና በድንጋይ መንገድ ሞተር የሚነዱ ሰዎች ብዙ አይደሉም። አብዛኞቹ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። አንዱ መንገድ ላይ ከቀረ ወሬው ሰኞ ጠዋት ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ቀልዱም አብሮ። ይሄኛው ጉዳይ እኔም ጋ መጀመሪያ የደረሰው በቀልድ ነው። "18 ኪሎ መፍቻ ይዞ በአንድ ዳዶ ተሸነፈ" ተባለ። በኋላ ሳጥኑ ሲበተን፣ ዕቃው ሲገዛና እንደገና ሲታሰር አብሬ ነበርኩ። ስለዚህ ነገሩን በቅደም ተከተል ልጽፈው አሰብኩ።

ማንም አልተጎዳም። ሞተሩም የተለየ ብልሽት አልደረሰበትም፤ ጎማ ነው የተነፈሰው። ልጁ መሣሪያ አጥቶ አልቀረም፤ መሣሪያማ ተርፎት ነበር። ለመመዝገብ የሚያበቃውም ይሄ ነው።

ሰዎቹን በስም አልጠራም። ባለሞተሩ፣ ጓደኛው እና መካኒኩ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ሰዎቹና ሞተሩ

ባለሞተሩ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። የቢሮ ሠራተኛ ነው። ሞተሩ ያገለገለ የጃፓን ሥሪት ነው፤ 250 ሲሲ፣ ባለ ካርቦሬተር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። የፊት ጎማው 21 ኢንች፣ የኋላው 18 ኢንች ነው። ሁለቱም ከመነዳሪ (ነፋስ የሚይዝ የውስጥ ጎማ) አላቸው። የዚህ ዓይነት ሞተር አብዛኛው ነገሩ በእጅ የሚፈታና የሚታሰር ነው፤ ኮምፒዩተር አይፈልግም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው "መንገድ ላይ እጠግነዋለሁ" ብሎ የሚወጣው።

ከተማ ውስጥ አይነዳውም። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ተጥሏል፤ ፈቃድ የሌለው እንደልቡ አይንቀሳቀስም። እሱና ጓደኛው ሁለቱን ሞተሮች ፒክአፕ ላይ በገመድ አስረው በአዲሱ ገበያ በኩል የጎጃምን መንገድ ይዘው ይወጣሉ። ሱሉልታ ወይም ጫንጮ ሲደርሱ ያወርዷቸዋል። ይህ ልማድ ለጉዳዩ ወሳኝ ነው። ፒክአፑ አስፋልት ዳር ይቀራል፣ ሳጥኑም ከፒክአፑ ጋር ይቀራል፣ ሞተሩ ግን ሜዳውን ይዞ ይሄዳል።

የጓደኛው ሞተር 125 ሲሲ ነው። መካኒኩ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያላቸው፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ሁሉም ሰው "ጋሼ" ነው የሚላቸው።

ሳጥኑ

ሳጥኑ ቀይ የብረት ሳጥን ነው። ሲከፈት እንደ ደረጃ ሦስት እርከን የሚዘረጋው ዓይነት። ባለሞተሩ በኩራት ነበር የሚያሳየው። ውስጡ ከ6 እስከ 22 ቁጥር የተሟላ የመፍቻ ስብስብ፣ የቡሶላ ስብስብ፣ ሁለት መዶሻ፣ ሴጌታ፣ ፒንሳ በሦስት መጠን፣ ብሩጎላ፣ ቁጥራቸው የበዛ ካቻቢቴዎች፣ ትርፍ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ የካቴና (የሰንሰለት) ማያያዣ፣ ማስቲሽና የጎማ መለጠፊያ ነበረው። ከታች ደግሞ "አንድ ቀን ይጠቅማል" ተብለው የተጠራቀሙ ብሎኖች። በሰፈር ሱቅ ሚዛን ላይ ስናወጣው 18 ኪሎ ሆነ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራት ፎቅ ተሸክሞ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልብ ብሎ ላየው ሰው ግን አንድ ነገር ነበር። ስብስቡ 22 ላይ ያበቃል። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ ዳዶ 24 ነው።

ችግሩ

ከመስቀል በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር በሱሉልታና በጫንጮ ዙሪያ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬው፣ አልደረቀም ነበር። መረሬ ጭቃ ከጎማው ጋር ይጣበቃል፤ በጭቃ መከላከያውና በጎማው መካከል ተጠቅጥቆ ጎማውን ጭራሽ ያቆመዋል። ልጆቹ ፒክአፑን ጫንጮ ሻይ ቤት ደጃፍ አቁመው በደርባ አቅጣጫ ወደ ገጠር መንገድ ገቡ።

ባለሞተሩ ጀርባው ላይ ትንሽ ቦርሳ አድርጓል። በውስጡ አንድ የሚጠብብና የሚሰፋ መፍቻ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴና የጎማ መለጠፊያ ይዟል። የቀረው "ሳጥኑ ውስጥ አለ"።

ከጫንጮ ራቅ ብለው ድንጋያማ ቁልቁለት ሲወርዱ የኋላው ጎማ ድንጋይ ጠርዝ መታ። ትንሽ እንደሄደ ተነፈሰ። በኋላ ከመነዳሪው ሲወጣ ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ስንጥቆች ነበሩት። ይህ የተለመደ ምልክት ነው። ነፋሱ ሲያንስ ጎማው ድንጋዩ ላይ ይጨፈለቅና ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተነክሶ ሁለት ቦታ ይቀደዳል። እሾህ የወጋው ቢሆን አንድ ክብ ቀዳዳ ይሆን ነበር። ለጭቃው እንዲነክስ ብሎ ነፋሱን በጣም ቀንሶት ነበር፤ መለኪያ ስላልነበረው በእጁ ተጭኖ ነው የገመተው።

ጎማውን ለማውጣት መጀመሪያ 24 ቁጥሩን ዳዶ መፍታት ያስፈልጋል። በሚጠብበው መፍቻ ሞከረ። ዳዶው በደንብ ጠብቋል፣ የመፍቻው መንጋጋ ደግሞ ላላ ያለ ነው። በመጀመሪያው ግፊት ተንሸራተተ። በሁለተኛው የዳዶው ማዕዘን ተላጠ፤ ብረቱ ላይ ብር የመሰለ አዲስ ጭረት ወጣ። ከዚያ በኋላማ እያንዳንዱ ሙከራ ይበልጥ ያከብበዋል። ጓደኛው "ተው፣ ጨርሰህ ልትበላው ነው፤ ሳጥኑን ላምጣ" ብሎ በ125ቱ ወደ ጫንጮ ተመለሰ።

ሳጥኑን ከኋላው ወንበር ላይ በገመድ አስሮ አመጣው። ጭቃ ላይ 18 ኪሎ ብረት ከኋላ ጭኖ መንዳት ቀላል አይደለም፤ ሁለቴ ወድቋል። ሳጥኑ ተከፈተ። 19 አለ። 22 አለ። 24 የለም።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። የመንደሩ ልጆች ሞተሩን ገፍተው ወደ ጠጠር መንገዱ አወጡላቸው። ከደርባ በኩል ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ ጫነላቸው። ልደታ ሲደርሱ መሽቷል።

ሳጥኑ ሲበተን

በማግስቱ ሳጥኑም ሞተሩም ተክለ ሃይማኖት ገቡ። ጋሼ ብዙ ምክር አልሰጡም። መሬት ላይ አሮጌ ሸራ አነጠፉና ሳጥኑን ገለበጡት። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ እያነሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ "ይሄ ያንተ ሞተር ላይ ምን ይፈታል?"

ባለሞተሩ ዕቃውን ይዞ ሞተሩ ላይ የሚፈታውን ብሎን መንካት ነበረበት። በአፍ መመለስ አይቻልም። የነካ ዕቃ በቀኝ፣ ያልነካ በግራ። ጉዳዩን ሙሉ ለሙሉ የቀየረው ይህ ቀላል ነገር ይመስለኛል። ከመፍቻዎቹ ውስጥ የሞተሩን አብዛኛውን ብሎን የሚፈቱት 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ሆነው ተገኙ። የጃፓን ሞተሮች በብዛት እንዲህ ናቸው። 7፣ 9፣ 11፣ 15፣ 16፣ 18 ምንም አልነኩም። 13 የአውሮፓ ሞተር ላይ ቢሆን ይፈለግ ነበር፤ እዚህ ግን ቦታ የለውም።

"መዶሻውስ ጋሼ?" አለ ልጁ።

"ማንን ልትመታ ነው?" አሉት። መዶሻው በግራ ሄደ።

በዚያ ሸራ ላይ ከ24ቱ የባሱ ነገሮችም ወጡ።

የካቴና ማያያዣው ቁጥር 428 ነበር። የሞተሩ ካቴና 520 ነው። ከተማው ውስጥ የሚበዙት ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉ ሞተሮች በአብዛኛው 428 ስለሚጠቀሙ ሻጩ ያንን አንስቶ ሰጥቶታል። የመጀመሪያው አሃዝ በአንዱ ፒንና በቀጣዩ መካከል ያለውን ርቀት በኢንች ስምንተኛ ይናገራል። 4 ማለት ስምንት ላይ አራት፣ ግማሽ ኢንች ነው። 5 ማለት ስምንት ላይ አምስት ነው። ስለዚህ 428ቱ 520 ላይ በምንም ተአምር አይገባም። ያንን ማያያዣ ሲገዛ ጀምሮ ተሸክሞት ዞሯል። የዚያን ቀን ጎማው ባይሆን ካቴናው ቢበጠስ ኖሮ ውጤቱ ያው ነበር።

ማስቲሹ ደርቆ ጎማ ሆኗል። የማስቲሽ ቱቦ አንዴ ከተከፈተ ቆይቶ መድረቁ አይቀርም። የካንዴላ መፍቻው የመኪና ካንዴላ ልክ ነበር። ካቻቢቴዎቹ ደግሞ ጫፋቸው የተለመደው የመስቀል ዓይነት ነው። የድሮ የጃፓን ሞተሮች የመስቀል ብሎን ግን በጃፓኖች ልክ የተሠራ ነው፤ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ግን የተለመደው ካቻቢቴ እስከ ታች አይቀመጥበትም። ሲጠመዘዝ ይወጣና ብሎኑን ይልጠዋል። የካርቦሬተሩ ብሎኖች አናት ላይ ይህ በግልጽ ይታይ ነበር።

በስተመጨረሻ በቀኝ የቀረው ክምር ከግማሽ በታች ነው።

ሶማሌ ተራ

የጎደለውን ለመግዛት መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድን። እዚያ ላልለመደ ሰው አንድ ነገር ልናገር፦ የሞተሩን ስም ብቻ ይዘህ አትሂድ። ሻጩ "የምን ሞተር?" ይላል፣ ትነግረዋለህ፣ "ይሆናል፣ ውሰድ" ይላል። ክፋት አይደለም። እጁ ላይ ያለው የሚበዛው ለከተማ ሞተሮች የሚሆን ስለሆነ ነው። ጋሼ አሮጌውን የፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠው) ካቦ፣ ከካቴናው የወጣውን አሮጌ ማያያዣ፣ ካንዴላውንና የተላጠውን ዳዶ በፌስታል ጠቅልለው ሰጥተውን ነበር። በየሱቁ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አድርገን ነው የገዛነው።

520 ማያያዣ ለማግኘት ብዙ ሱቅ ዞርን። ሁለት ገዛን፤ አንዱ ሲገጠም ክሊፑ ከተፈናጠረ ሣር ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል። የፍሪሲዮን መጨበጫ አዲሱ የቻይና ነበር፣ ቀዳዳው ትንሽ ይሰፋል፣ ይንቀጫቀጫል። ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልገን ያንን ወሰድን። 21 ኢንች ከመነዳሪም አስቸገረ፤ ባለ 17ና ባለ 18 በየሱቁ ተሰቅሏል፣ 21 ግን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

21ዱን የፈለግንበት ምክንያት አለው። በመንገድ ላይ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ መያዝ ይከብዳል። የ21 ኢንቹ ከመነዳሪ በችግር ጊዜ 18 ኢንቹ የኋላ ጎማ ውስጥ ገብቶ ቤት ያደርሳል። ቀጭን ቢሆንም ነፋስ ሲሞላ ይለጠጣል። የ18ቱ ግን ፊት ለፊት አይሆንም። ስለዚህ አንድ ብቻ የሚያዝ ከሆነ የፊቱ ነው። ቤት ሲደርሱ በትክክለኛው ይቀየራል።

ጋሼ ያዘዙት ሌላ ነገር የጎማ ማውጫ ብረት ነው። ሁለት ገዛን። አንዱን ወስደው ጫፉ ላይ 24 ቁጥር ቀለበት መፍቻ ቆርጠው በየዱት። አንድ ብረት ሁለት ሥራ ሆነ። በፋብሪካ የተሠራ እንዲህ ያለ ብረት ውጭ አገር ይሸጣል፤ ይሄ ግን ረዘም ስላለ ጉልበት ይሰጣል።

ሦስት ቦታ

ዕቃው ሲሟላ ወደ አንድ ሳጥን አልተመለሰም። ሦስት ቦታ ተከፈለ። መለኪያው "ይህ ነገር ሲበላሽ እግሬ የት ይደርሳል?" የሚል ነው።

ሰውነት ላይ፣ በወገብ ቦርሳ፦ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ሁለቱ ማያያዣዎች፣ ትንሽ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ አንድ ጥቅል ቀጭን ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ያልተከፈተ ማስቲሽ ከነመለጠፊያው፣ የነፋስ መለኪያ። ሞተሩ ገደል ቢገባ እንኳ እነዚህ ከሰውየው ጋር ናቸው። ደረቅ ሳሙናም ገባ። ብዙ ሰው ይስቃል፣ ግን የነዳጅ ታንከር በድንጋይ ሲሰነጠቅ ደረቅ ሳሙና በስንጥቁ ላይ በደንብ ሲታሽ ቤንዚኑን ለጊዜው ያቆመዋል።

ሞተሩ ላይ፦ የጎማ ብረቶቹ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ከመነዳሪው፣ መጨበጫው፣ የሚፈለጉት መፍቻዎች በጨርቅ ተጠቅልለው ከወንበሩ ኋላ። ናስትሮው በጥቅሉ አልተያዘም፤ ፓምፑ ላይ ብዙ ጊዜ ተጠመጠመ። ሲፈለግ ከዚያ ይፈታል። አዲሱ የፍሪሲዮን ካቦ ደግሞ ቦርሳ ውስጥ አልገባም። ከሚሠራው ካቦ ጎን ለጎን፣ በዚያው መንገድ፣ ከመሪው እስከ ሞተሩ ድረስ ተዘርግቶ ታሰረ። ሁለቱ ጫፎቹ ጭቃ እንዳይገባ በናስትሮ ተጠቀለሉ። አሮጌው ሲበጠስ ታንከር ማውረድ፣ ካቦ ማሾለክ የለም፤ ጫፎቹን ማቀያየር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ጋሼ ሌላም ነገር ጨመሩ። የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን መያዣ ብሎኖች ትንሽ አላሉ። ሲነዳ አይንቀሳቀስም፣ ሲወድቅ ግን መያዣው መሪው ላይ ይዞራል እንጂ መጨበጫው አይሰበርም። ትርፍ መጨበጫ ከመያዝ ይሄ ይበልጣል ባይ ናቸው።

ፒክአፑ ላይ፦ የቡሶላ ስብስቡ፣ ዘይት፣ ትልቁ የጎማ ፓምፕ፣ የ18 ኢንቹ ከመነዳሪ፣ ብረት የሚይዝ ባለ ሁለት ቱቦ ማጣበቂያ፣ ውኃ፣ ልብስ። መዶሻውም እዚህ ተመለሰ፤ ባለሞተሩ አልለቅም አለ።

የጋራዡ ፈተና

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ የሠራው ነው፤ ብዙ ሰውም የሚዘለው ይሄንኑ ነው። ጋሼ ልጁን ጋራዡ ወለል ላይ አስቀመጡትና "በዚህ ቦርሳ ብቻ የኋላ ጎማህን አውጣ፣ ከመነዳሪውን ቀይር፣ መልሰህ እሰር" አሉት። የጋራዡን ዕቃ መንካት ክልክል ነው። ማቆሚያም የለም።

ወዲያው ችግሮቹ ብቅ አሉ። ሞተሩን ማንሻ የለም። ድንጋይ ከሥሩ ሲደረግ ተንሸራተተ። በጎኑ ሲተኛ ከካርቦሬተሩ ቤንዚን ፈሰሰ፤ የነዳጁን ቧንቧ መዝጋት ረስቶ ነበር። በመጨረሻ መሪውን ግድግዳ አስደግፎ አንድ ጉማጅ እንጨት ከሥሩ አደረገ። ሜዳ ላይ ጉማጅ ይገኛል፤ ካልተገኘ ጓደኛው ሞተሩን ወደ ጎን አዘንብሎ ይይዛል።

ቀጥሎ ፓምፑ። የብስክሌት ፓምፕ ነበር፤ አፉ ለሌላ ዓይነት ቫልቭ የተሠራ ሆኖ የሞተሩ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ላይ አልያዘም። ነፋሱ በጎን ያፏጫል። ጫንጮ ማዶ ቢሆን እንደገና አይሱዙ ጥበቃ ነበር። በማግስቱ ተቀየረ። በጋዝ የሚሞላውን ትንሽ ጠርሙስ የሚመርጡ አሉ፤ ፈጣን ነው፣ ግን አንዴ ከተሳሳቱበት አለቀ። የእጅ ፓምፕ አያልቅም።

ጎማውን ከቸርኬው ማውጣት ላይ ልጁ በጉልበት ታገለ። ጋሼ ቁጭ ብለው ያዩታል። በኋላ "ፊት ለፊትህን አትታገል፣ ማዶውን እርገጠው" አሉት። ምስጢሩ እዚህ ነው። የቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ነው። ብረቱ ከሚገባበት በተቃራኒ ያለውን የጎማ ጠርዝ በጉልበት ወደዚያ ጎድጓዳ ሲጫኑት በዚህ በኩል ትርፍ ይገኛል፤ ብረቱም በሁለት ጣት ይዞራል። ጠርዙ ላይ ትንሽ የሳሙና ውኃ ሲቀባ የበለጠ ይቀላል። ሲመለስ ደግሞ ቫልቩ ጋ መጨረስ ነው፤ እዚያ ጋ ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ ማድረግ፣ ከመነዳሪው በብረቱ እንዳይነከስ። አዲስ ከመነዳሪ ከመግባቱ በፊትም የጎማውን ውስጥ በእጅ መዳሰስ ግዴታ ነው። የወጋው እሾህ እዚያው ካለ አዲሱንም ይወጋዋል።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀ። ደጋግሞ ሲሠራው ጊዜው በጣም አጠረ። ካቴናውንም ፈታ፤ የማያያዣው ክሊፕ የተዘጋው አፉ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ መሆን እንዳለበት በዚያው ተማረ። ተገልብጦ ከገባ እንጨት ወይም ድንጋይ ሲነካው ሊፈናጠር ይችላል።

መንገድ ላይ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

ኅዳር ላይ እንደገና ወጡ። ያው መንገድ ነው፣ አሁን ግን ደርቋል። ጎማ አልተነፈሰም፤ ነፋሱ በመለኪያ ተሞልቷል። የተበጠሰው የፍሪሲዮኑ ካቦ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጋው አዲሱ ካቦ ጫፎቹ ተፈትተው ገቡ። ጓደኛው ሲጋራ አውጥቶ ሳይጨርስ ሞተሩ ተነሣ። በዚያው ቀን ባለሞተሩ አንዴ ክፉኛ ወደቀ፤ የላላው መያዣ ዞረ፣ መጨበጫው ተረፈ። በእጁ መልሶ አቀናው።

ያልሠራውም አለ። ከመነዳሪው ከፊት ጭቃ መከላከያው በላይ ነበር የታሰረው። ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ላላና ከብሎን አናት ጋር ሲፋተግ ዋለ። ማታ ሲፈታ ትርፍ የተባለው ከመነዳሪ ራሱ ተበስቷል። የሳቁን ነገር ተዉት። አሁን ዱቄት ተነስንሶበት፣ ካልሲ ውስጥ ገብቶ፣ ከዚያ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነው የሚታሰረው። ከጉዞ በኋላም ይፈተሻል።

የወገብ ቦርሳውም ሌላ ነገር አሳየ። ፒንሳውና የካንዴላ መፍቻው ከኋላ፣ አከርካሪው ላይ ነበሩ። ሲወድቅ ጎኑን ሳይሆን ጀርባውን ነው ያመመው። ብረት የሆነ ነገር ሁሉ ወደ ሞተሩ ተዛወረ። ወገቡ ላይ ቀላልና ለስላሳ ነገር ብቻ ቀረ። ይሄ "እግሬ የት ይደርሳል" ከሚለው መለኪያ ጋር ይጋጫል፣ ግን ጀርባ ይቀድማል።

ለሌላ ሞተር የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ሞተር የሚሄደው የዕቃው ዝርዝር አይደለም። ያማሃ ያለው ሰው 24ቱ 22 ሊሆንበት ይችላል፣ ካቴናው 428 ሊሆን ይችላል። የሚሄደው አሠራሩ ነው፦ ሳጥኑን ሞተሩ አጠገብ ገልብጦ እያንዳንዱን ዕቃ ብሎን ማስነካት፤ መለዋወጫ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድ፤ ከመውጣት በፊት በቦርሳው ብቻ ጎማ አውጥቶ መመለስ። ሞተር ለሌለው ሰው እንኳ፣ ለመኪና የጎማ መቀየሪያም ቢሆን፣ ያው ነው። ስንቱ ሰው የመኪናውን የጎማ ዳዶ መፍቻ ሞክሮት ያውቃል?

ሁለት ሰው ሲወጣ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት መያዝ ክብደት ማባከን ነው። ፓምፑና የጎማ ብረቶቹ አንዱ ጋ ይበቃሉ። ከመነዳሪ፣ ማያያዣና ካንዴላ ግን እንደየሞተሩ ስለሚለያዩ እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል። የተጠቀሙበት ዕቃ ደግሞ በዚያው ምሽት መተካት አለበት። "ሰኞ እገዛለሁ" የተባለ ማስቲሽ ቅዳሜ ላይ የለም።

ስለ ከፍታ አንድ ነገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ቀጭን ስለሆነ ባለ ካርቦሬተር ሞተር ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ወደ ሙገር ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩም ሌላ ጠባይ ያመጣል። ስለዚህ ትርፍ ካንዴላ የግድ ነው። አሮጌውን ማውጣትና ቀለሙን ማየትም ሞተሩ ምን እንደሚፈልግ ይናገራል።

እስካሁን ያልተስማሙበት አንድ ነገር አለ። ጋሼ የካቴና መበጠሻውን መሣሪያ ካልያዝክ ማያያዣው ዋጋ የለውም ይላሉ፤ ካቴናው የሚበጠሰው ከማያያዣው ውጭ ከሆነ የተጎዳውን ፒን አስወግዶ ለመቀጠል ያ መሣሪያ ያስፈልጋል። ባለሞተሩ ደግሞ ከባድ ነው፣ ካቴናውን በጊዜ መቀየር ይሻላል ይላል። ለጊዜው መሣሪያው የጓደኛው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ጓደኛውም ስለ ክብደቱ ማጉረምረም ጀምሯል።